የሚልዮን የዓርብ ምሳ

ሚልዮን የሙከይፍ ሠራተኛ ነው። ሙከይፍ የካርቱም ሰው ያለሱ ሙቀቱን የማይዘልቀው የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ሦስት ጎኑ በገለባ ይታጨቃል፣ ከላይ ውኃ ይንጠባጠብበታል፣ ከውስጥ ማራገቢያ እየዞረ በእርጥቡ ገለባ ያለፈውን አየር ወደ ክፍሉ ይነፋል። ገለባው በየዓመቱ ካልተለወጠ ጨው ይጋግርበትና ይሸታል። ፓምፑን አቧራ ያንቀዋል፣ ቺንጋው ይላላል። ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ በዚያ ከተማ ከሐኪም ይልቅ የሙከይፍ ሠራተኛ ይፈለጋል ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ስለ እሱ ልጽፍ የተነሣሁት ዝነኛ ሰው ስለሆነ አይደለም። ከካርቱሙ ጦርነት አንድ ዓመት በፊት የደረሰበትን ነገር በዓይኔ ስላየሁና በነገሩም ውስጥ የኔ እጅ ስላለበት ነው። እስከ ዛሬ ባሰብኩት ቁጥር ያበሽቀኛል።

ሚልዮን ከጭልጋ ተነሥቶ በጋላባት በኩል ካርቱም ሲገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ቡሪ በሚባል ሰፈር ለአንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ የሙከይፍ ሠራተኛ ገለባ እየተሸከመ፣ ቆርቆሮ እየቆረጠ ስድስት ዓመት ቆየ። ሽማግሌው ጉልበታቸው ሲደክም ሱቁን በኪራይ ለቀቁለት። አረንጓዴ በር ያላት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ሱቅ ነበረች። በሩ ላይ ምንም አላስጻፈም። እንዲያስጽፍ ስነግረው፣ «ማን ያነበዋል ጋሽ ደመቀ? የካፉሪ ባለ ቪላ ቡሪ ድረስ መጥቶ የኔን በር አያነብም» ይለኝ ነበር።

እውነቱን ነው። ካፉሪ ባሉት ትልልቅ ቤቶች ሙከይፍ ሲቆም መጀመሪያ የምታውቀው የቤቱ እመቤት አይደለችም። ወጥ ቤት ቆማ በሙቀት የምትቀቀለው የኛ ልጅ ናት። «መዳም፣ እኔ የማውቀው ታማኝ ሰው አለ» የምትለውም እሷ ናት። የሚልዮን ሥራ ሁሉ ያለው በእነዚህ ሴቶች አፍ ላይ ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ በስንቅነሽ አፍ ላይ። ስንቅነሽ ካፉሪ አንድ ጡረታ የወጡ ሐኪም ቤት አሥራ አራት ዓመት የሠራች፣ የመንገዱን ወጥ ቤቶች በሙሉ የምታውቅ፣ የማትፈራ ሴት ናት።

እነዚህ ሴቶችና ሚልዮን የሚገናኙት በማኅበራችን ነው። በወር በወሩ በአሥራ ሁለት የሚካኤልን ዝክር እንዘክራለን። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ እኔ ነኝ፤ መዝገቡንም የምጽፈው እኔው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአምሳ ሁለት ዓመቴ ስለሆነ መዝገቤ ላይ ስርዝ ድልዝ አልወድም። አባሎቻችን አብዛኞቹ የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ የዕረፍት ቀናቸው ዓርብ ብቻ ነው። ስለዚህ ዝክሩን ከአሥራ ሁለት ቀጥሎ ወደሚውለው ዓርብ አዛወርነው። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው፤ ምሳው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ይሆናል። ከወሎ የመጡ እስላም ልጆችም እንግዳ ሆነው ይመጣሉ። ለእነሱ ሚልዮን ከሰፈሩ ሥጋ ቤት ሥጋ ገዝቶ በሌላ ድስት ያሠራላቸዋል።

አባሎቹ የሚያድሩት በአሠሪዎቻቸው ቤት ነውና፣ ተራቸው ሲደርስ የት ይደግሱ? ሚልዮን ከከተማው ዳር፣ ካላክላ፣ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ተከራይቶ ነበር። «የስንቅነሽን ተራ እኔ ልያዝ፣ የዚያችንም እኔ ልያዝላት» እያለ ከዓመቱ አሥራ ሁለት ዝክር ሰባቱን እሱና ባለቤቱ ፅዮን ይደግሱት ጀመር። ለነፍሱ ነው ወይስ ለገበያው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ነበር። ለሁለቱም ነው ብዬዋለሁ። እንዲያ መሆኑ አያሳፍርም።

ጸሎቱ ካለቀ፣ ዳቦው ከተቆረሰ፣ ምሳው ከተበላ በኋላ ከበሮ ይወጣል። ያኔ ሚልዮንን ማየት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጣሪያ ላይ ጎብጦ የሚውለው ሰው ትከሻው ብቻ የሚሠራ ይመስላል። ላቡን ሊጠርግ ቆም ሲል አንዷ ከዓንገረቡ፣ ከጠፍር አልጋው፣ ላይ ሆና፣ «ሚልዮን፣ የኛ ቤት ሙከይፍ እኮ አቧራ ነው የሚተፋው» ትለዋለች። «እሑድ መጣሁ» ይላል። ተመልሶ ይጨፍራል። ሌላዋ ደግሞ፣ «የጎረቤታችንስ?» ትላለች።

በዚያ ዓመት ግብሩ ከቀድሞው እጥፍ ሆኖ ተጻፈበት። የሱቁ ፈቃድ፣ እዚያ ሩኽሳ የምንለው፣ የፈረንጆቹ ሰኔ ሲወጣ ያበቃል። ሩኽሳው የሚታደሰው ከግብር ቢሮው ወረቀት ሲመጣ ነው፤ ወረቀቱ የሚሰጠው ግብሩ ሲከፈል ነው። ካልሆነ ሱቁ ይታሸጋል። እንግዲህ የሙከይፍ ሠራተኛ ሱቅ በሰኔ ታሸገ ማለት የዓመት እንጀራው ተዘጋ ማለት ነው።

አንድ ማታ ቤቴ መጣ።

«ጋሽ ደመቀ፣ ለሥራ ያወጣሁት ወጪ ከግብሩ ይቀነስልኛል። የገለባውንና የፓምፑን ተቀብለውኛል» አለ።

«ጥሩ ነዋ።»

«አይበቃም። የዓርቡን ምሳ ባስገባስ?»

«የቱን የዓርብ ምሳ?»

«የኛን። ደንበኛ የማገኘው ከዚያ አይደል? ጎረቤቴ ቀለም ነጋዴው ደንበኞች ምሳ ጋበዝኩ ብሎ አስቀንሷል። እሱ የጋበዘው ሁለት ሰው ነው፣ ያውም አንዱ አማቹ ነው። እኔ በሰባት ወር ስንት ሰው አብልቻለሁ?»

አሰብኩበት። ውሸት የለበትም። «ዳቦው ግን አይገባም» አልኩት። «ዳቦው የመልአኩ ነው።»

«ዳቦውን ተወው ጋሽዬ። ሽሮው ይግባልኝ።»

ከመዝገቤ እያየሁ ሰባቱንም ዓርብ በዓረብኛ ገለበጥኩለት። ስንት ሰው እንደመጣ፣ ምን እንደቀረበ፣ ማን እንደሚጾምና እንደማይጾም፣ ሁሉንም በንጹሕ ወረቀት አሰፈርኩ። የዓረብኛ ጽሕፈቴም ማንም የሚያነበው ነው።

ጉዳዩን የያዘው ሀሰን የሚባል፣ መነጽር ያደረገ፣ ትሑት ሰው ነበር። ሚልዮንም እኔም በአክብሮት «ኡስታዝ» እንለዋለን። ንግግራችን በዓረብኛ ነበር፤ እዚህ የምጽፈው ትርጉሙን ነው።

«ስምህ ማነው?»

«ሚልዮን።»

ሀሰን ብዕሩን አስቀመጠ። «ሚልዮን ተብለህ መጥተህ የለኝም ትለኛለህ?»

«ስሙን ያወጣው አባቴ ነው ኡስታዝ። ገንዘቡን አላወጣልኝም።»

ሳቀ። ደግ ቀን ነው አልኩ በልቤ። ከጀርባው ግን መስኮቱ ላይ ያለው ሙከይፍ ትኩስ አቧራ እየነፋብን ነበር። ሚልዮን ዓይኑን ከሱ መንቀል አቃተው። አንድ ጊዜ ድምፁን ለመስማት አንገቱን ሲያዘነብል አየሁት።

ሀሰን ወረቀቴን አነበበ። «ሃያ ሰው ጋብዘሃል። ሥጋው የስድስት ሰው ነው። የቀሩት አሥራ አራቱ ጎን ‹ይጾማሉ› ተብሏል። የሚጾም ሰው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምሳ ይበላል?»

«እኛ የምንጾመው ከሥጋና ከወተት ነው» አልኩት።

«እንደ ቅብጦቹ፣ እንደ ግብጽ ክርስቲያኖቹ?»

«እንደነሱ።»

«እህ። ጎረቤቴ ቅብጥ ነው። በጾሙ ወር ከኔ የበለጠ ፉል ይበላል።» አሥራ አራቱን ተቀበለ። ቀጥሎ ግን፣ «ችግሬ ምሳው አይደለም ዐም ደመቀ። ለሥራ መሆኑን በምን ልወቅ?» አለ፤ «ዐም» እንደኛ «ጋሼ» ነው።

ሚልዮን ቸኮለ። እንግዶቹ በእርግጥ መምጣታቸውን ላሳይ ብሎ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየው። ሀሰን መነጽሩን ወደ ግንባሩ አንሥቶ አየ። ሚልዮን በሁለት እጁ ወገቡን ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጥርሱ በሙሉ ወጥቶ ነበር። ስንቅነሽ ከጎኑ ከበሮውን አንግታለች።

«ይሄ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ይሄ ሐፍላ ነው» አለ ሀሰን። ግብዣና ጭፈራ ማለቱ ነው። «ሐፍላ አይቀነስም። ለእህቴ ሠርግ ያወጣሁትን እስከ ዛሬ እየከፈልኩ ነው፣ ማንም አልቀነሰልኝም።»

«ኡስታዝ፣ እየተደሰቱ መሥራት ይከለከላል?»

«አይከለከልም። አንተ የተደሰትክበትን ግን መንግሥት አይከፍልልህም።»

ሀሰን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ደግሜ መጻፍ አለብኝ፣ ምክንያቱም ክፉ ቢሆን ኖሮ ንዴቴ የሚያርፍበት ቦታ ያገኝ ነበር። ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ ገልብጦ፣ «የሚቀጥለው መቼ ነው?» አለ።

«የፊታችን ዓርብ።»

«እመጣለሁ። ሥራ ከዚያ ሲመጣልህ በዓይኔ ካየሁ እፈርማለሁ። ካላየሁ አልፈርምም።»

ሚልዮን ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ጠቆመ። «ኡስታዝ፣ ፓምፑ ነው የታነቀው። አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም።»

«እንዳትነካው» አለ ሀሰን። «ፋይልህ ጠረጴዛዬ ላይ እያለ እጅህ ሙከይፌን ከነካ ጉቦ ነው።»

ወጣን። እሱ እዚያው ላቡን እየጠረገ ቀረ።

አሁን የኔን ጥፋት ልጻፍ። ወደ ካላክላ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ እንደ ትልቅ ሰው መከርኩት። «ከበሮ የሚባል ነገር አይወጣም» አልኩት። «ሰውየው ስብሰባ ሊያይ ነው የሚመጣው፤ ስብሰባ ይይ። ዓንገረቦቹ ወደ ጓሮ ይሂዱ፣ ወንበር ተከራይ። ጸሎቱንና ዳቦውን ጠዋት እንጨርሳለን። እኔ ፕሮግራም በዓረብኛ እጽፋለሁ።»

«ያለ ጭፈራ?» አለኝ።

«አንድ ዓርብ ነው። ሱቅህን ትፈልጋለህ ወይስ ጭፈራህን?»

ስለሚያከብረኝ እንዳልኩት አደረገ።

ዓርብ ጠዋት ሴቶቹ ከካፉሪ ወደ መሃል ከተማ፣ ከመሃል ከተማ ወደ ካላክላ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ሲደርሱ የተደረደሩትን ፕላስቲክ ወንበሮች አይተው በሩ ላይ ቆሙ። ነገሩን አስረዳኋቸው።

«እኔ ምን ልበል?» አለች ስንቅነሽ።

«ምንም አትበይ። ዝም ብለሽ በጨዋ ደንብ ተቀመጪ።»

«ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብዬ በጨዋ ደንብ ከርሜ አይደል እዚህ የምመጣው?»

ሉጥፊያ የምትባል የወሎ ልጅ አለች፣ ካፉሪ ከስንቅነሽ ቤት ሁለት በር አልፎ የምትሠራ። «የመንግሥት ሰው ነው?» ብላ ጠየቀች። «ኢቃማዬ ካለፈበት ስድስት ወሩ ነው።»

«የግብር ሰው ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም» አልኳት።

«እሱ ባይጠይቅም እኔ እንደተጠየቅሁ ነው የምሆነው ጋሼ» አለችና የራስ መሸፈኛ ታርሐዋን እስከ ዓይኗ ስባ ወጥ ቤት ገባች። እዚያው ዋለች።

ሀሰን በዘጠኝ ሰዓት በራክሻ፣ በባጃጅ፣ መጣ። ነጭ ጀላቢያ ለብሷል፤ እንግዳ ነኝ ብሎ ከፋይሉ ሌላ አንድ ኪሎ ቴምር በፌስታል ይዟል። ገብቶ ግቢውን ቃኘ። ሃያ ሰው በአራት ረድፍ ተቀምጦ ፊት ለፊቱን ያያል። ሀሰን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰው ሞቶባችኋል?» አለኝ።

«አይ፣ ስብሰባ ነው።»

ፕሮግራሙን ሰጠሁት። አንደኛ፣ መክፈቻ። ሁለተኛ፣ ምሳ። ሦስተኛ፣ ስለ ሙከይፍ አያያዝ ማብራሪያ። አራተኛ፣ ጥያቄ። በጥንቃቄ አንብቦ አጠፈው።

ምሳው እንኳን እንደ ወጉ አልተበላም። በአንድ ትሪ ዙሪያ መሰብሰብ ለስብሰባ አይሆንም ብዬ ለየራሳቸው በሳሕን አስቀርቤ ነበር። ፅዮን ስታድል ፊቷን ማየት አልፈለግሁም። ማንም ማንንም አላጎረሰም። ሀሰን ግን ጥርግ አድርጎ በላ፤ ምስሩን ሁለተኛ አስጨመረ።

ከዚያ ሚልዮን ተነሥቶ ቆመ። የለበሰው ኮት የኔ ነው፤ ትከሻው ላይ ይጠበዋል። «ገለባ በዓመት አንድ ጊዜ ይለወጣል» አለ በዓረብኛ። «የገንዳው ውኃ በሳምንት አንድ ጊዜ ይደፋል።» ይህን እዚያ ያሉት ሁሉ ያውቁታል። ገንዳውን የሚደፉት እነሱ ናቸው። አንዷ አዛጋች፤ ያዛጋችውን አይቶ ሌላዋ አዛጋች። ሚልዮን ስለ ቺንጋ ሊናገር ጀምሮ ተወውና ወደኔ ዞረ።

«ጥያቄ ያለው?» አልኩ።

አንድም እጅ አልተነሣም።

ሀሰን ራሱ ሊረዳን ሞከረ። «ከእናንተ መሃል ለሚልዮን ሥራ የምታመጣ አለች?»

ሁሉም መሬት መሬት አየ። ምን ይበሉ? የመንግሥት ሰው ፊት የአሠሪን ቤት መጥራት ማለት የወጥ ቤቱን በር ከፍቶ ማሳየት ነው። ግብሩ ወደ መዳሞቹ ይሄዳል ብላ የፈራችም ነበረች፣ በኋላ ነግራኛለች። ስንቅነሽን አየኋት፤ በዓይኔ ለመንኳት። እንደ ተማሪ ተነሥታ ቆመች።

«ጥያቄ የለኝም» ብላ ተቀመጠች።

ሀሰን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ታገሠ። ሲነሣ የሚልዮንን እጅ ጨበጠ። «ወላሂ ምግቡ የእናቴን ያስንቃል» አለ። «ግን ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ሙከይፌ ተበላሸ ያለ አንድ ሰው አልሰማሁም። ምን ብዬ ልፈርም?» ፋይሉን በብብቱ ይዞ ወጣ።

ግቢው እንደዚያው ቆየ። ሚልዮን ኮቴን አውልቆ አጥፎ ሰጠኝ። ሱቋ እንደሄደች አውቋል። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሉጥፊያ ራሷን በወጥ ቤቱ በር አወጣች። «ሄደ?»

«ሄደ» አለቻት ፅዮን።

«ዝክር ነበር ወይስ ለቅሶ? ግራ ገብቶኝ እኮ ነው።»

አንዷ ፈነዳች፣ በሳቅ። ሌላዋ ተከተለች። ስንቅነሽ ማንንም ሳትጠይቅ መኝታ ቤት ገብታ ከአልጋ ሥር የደበቅነውን ከበሮ ጎትታ አወጣች። ወንበሮቹ በአንድ አፍታ ግድግዳ ተደገፉ። ሚልዮን አልፈልግም አለ፤ ጎተቱት። ከንዴቱ የተነሣ ይመስለኛል፣ እንደዚያን ቀን ጨፍሮ አያውቅም። ስንቅነሽ ከበሮውን ሳታቆም ጮኸችበት፦

«ሚልዮን፣ የኛ መዳም ሦስቱም ገለባ ይለወጥ ብላለች።»

ቆመ። «መቼ አለች?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ? ታዲያ ቅድም ምን ዘጋሽ?»

«ቅድም ማን አፍ አለው? እንደ ፈተና ተቀማጭ ደርድራችሁን!»

ሉጥፊያ ቴምሩን እየበላች፣ «እኛ መንገድ ላይ አዲስ ክሊኒክ ተከፍቷል» አለች። «ስምንት ሙከይፍ። ዘበኛውን አናግሬዋለሁ፣ ሰው አምጪ ብሎኛል።» ከኋላዋ አንዷ ደግሞ የአሠሪዋ ወንድም አዲስ ቤት ገብቷል አለች። ሦስት ሥራ፣ ከበሮው ከወጣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ።

በትሬን አንሥቼ ወደ መንገዱ ወጣሁ። በዚያ ዕድሜዬ ሮጥኩ ማለት ያሳፍረኛል፤ ግን ሮጥኩ። የሀሰን ራክሻ ማዕዘኑን ታጥፎ አቧራው ብቻ ቀርቷል። ስልክ ደወልኩለት።

«ኡስታዝ፣ ተመለስ። ሥራው መጥቷል።»

«ዐም ደመቀ፣ ከበሮ እሰማለሁ።»

«አዎ፣ ግን…»

«እልልታም እሰማለሁ።»

«ሥራው የሚመጣው ከከበሮው ጋር ነው፣ አላወቅንም ነበር።»

የራክሻው ሞተር ይሰማኛል። «ይህን በየትኛው ዓምድ ልጻፈው?» አለኝ። ሊያሾፍብኝ አይደለም፤ በእውነት መጠየቁ ነበር።

ወሩ በወጣ በሁለተኛው ቀን ሁለት ሰዎች መጥተው አረንጓዴውን በር በሽቦ አስረው የእርሳስ ማኅተም አደረጉበት። ሚልዮን ከዋዜማው ጀምሮ መፍቻውን፣ መሰላሉን፣ የገለባውን ጥቅል ወደ ካላክላ አጉዞ ነበር። የካፉሪን ሥራዎች ከቤቱ እየተነሣ ይሠራ ጀመር። ከቡሪ ወደ ካፉሪ ድልድይ መሻገር ብቻ ነው፤ ከካላክላ ግን ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። ገለባውን በራክሻ ሲያመላልስ ግማሹ በመንገድ ይበተናል። የሚያገኘውን የራክሻ ኪራይ እየበላው፣ ለግብሩ የሚተርፍ አልተገኘም።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ ሀሰን ደወለ። «ፋይልህ ተዘግቷል። አሁን ሙከይፉን ብትነካ ጉቦ አይሆንም» አለው። በቢሮው ያሉት አራቱም ሙከይፎች ሞተዋል። መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል።

ሚልዮን ይህ ሲከፈለው የግብሩን ከፊል ሰጥቶ ቀሪውን በየወሩ እንዲከፍል እንዲፈቅዱለት ሊለምን አሰበ። ማመልከቻውን ጽፌለት አብሬው ሄድኩ። ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ሠራ። ከአንዱ ሙከይፍ ውስጥ የሞተች ርግብ ከነጎጆዋ አወጣ። የመጨረሻው ሲነሣ ቀዝቃዛው አየር የሀሰንን ጠረጴዛ መታ፤ ወረቀቱ በረረ። ሀሰን ዓይኑን ጨፍኖ፣ «አልሐምዱሊላህ» አለ። ከዚያ፣ «ያላ፣ ፋቱራህን ስጠኝ» አለ። ደረሰኙን ማለቱ ነው።

ሚልዮን በእጁ የጻፈውን ሰጠው።

«ማኅተም የለውም።»

«ማኅተሙ ሱቅ ነው። መሳቢያ ውስጥ ረስቼዋለሁ።»

«እንግዲያ አምጣዋ።»

ሚልዮን ወደኔ ዞረ፣ ከዚያ ወደሱ። «ኡስታዝ፣ ሱቁን ያሸጋችሁት እናንተ ናችሁ።»

ሀሰን መነጽሩን አወለቀ። «ግብሩ ሲከፈል ይከፈታል።»

«ግብሩን ልከፍል ያሰብኩት በዚህ ነበር።»

ሀሰን ደረሰኙን አየ፣ ሙከይፉን አየ። ተነሥቶ ደረሰኙንና ማመልከቻዬን ይዞ በኮሪደሩ ወደ አለቃው ሄደ። ቆይቶ ሲመለስ ራሱን እየነቀነቀ ነበር። ያለ ማኅተም አይከፈልም፤ ያለ ግብር አይከፈትም። አለቃው ማመልከቻዬን አላነበቡትም። ጽሕፈቱ ግን ያምራል ብለዋል አሉ።

ሚልዮን አሮጌውን ገለባ ወደ ጆንያ ጠቅጥቆ አሰረ። በሩ ጋ ስንደርስ ሀሰን ተከትሎን ወጣ።

«የሚቀጥለው ዓርባችሁ መቼ ነው?» አለ ዝግ ብሎ። «እንደ ሹም አይደለም።»

እኔ ፊቴን አዞርኩ። ሚልዮን ጆንያውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ።

«ሐምሌ አሥራ አምስት» አለው። «ሐፍላ ነው፣ አስቀድሜ ልንገርህ።»

መጣ። ያን ቀን ወንበር አልተከራየንም። በትሪው ዙሪያ ከኛ ጋር ተቀምጦ በላ፣ ፅዮን አጎረሰችው። ከበሮው ሲወጣ ጥጉን ይዞ ጥቂት አጨበጨበ፤ በኋላ ስንቅነሽ ክንዱን ይዛ አስነሣችውና በሱዳን አጨፋፈር ትከሻውን ሰብቆ ሰብቆ ዞረ። ሙከይፍ የሚያስተክል ዘመድ አለኝ ብሎ የሰውየውን ስልክ ለሚልዮን ሰጠው።

ሚልዮን ግብሩን ቀስ በቀስ አጠራቅሞ እስኪከፍል ሱቁ እስከ መስከረም አልተከፈተም። በተከፈተ ጊዜ ሙቀቱ አልፎ ነበር።